ከጉሬዛዋ በኩል የቆመችው

ሥራ አስኪያጃችን ሰው ወደ እንስሳት ማቆያ የሚመጣው እንስሳ ለማየት አይደለም ባይ ነው። ለመፍረድ ነው ይላል። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ አንድ ነገር ፈለሰፈና «ማን ትበልጣለች?» ብሎ ስም አወጣለት። እሑድ እሑድ ሁለት እንስሳት ይመረጣሉ፤ እኔ አስጎብኚዋ ድምፅ ማጉያ ይዤ መሐል እቆምና አንዷን ከሌላዋ አወዳድራለሁ። ስጨርስ ጎብኚው ከመረጣት እንስሳ ፊት ሄዶ ይቆማል። ወረቀት የለ፣ ቆጠራ የለ፤ ሰው በገዛ እግሩ ይፈርዳል። አዞን ከአንበሳ ያወዳደርኩ ጊዜ ያሸነፈው አዞው ነው። አንበሳው ተኝቶ ነበር። ለነገሩ አዞውም ተኝቶ ነበር፤ ግን አፉን ከፍቶ ነው የተኛው፤ ሰው ደግሞ ጥርስ ካየ ይበቃዋል።

ያን ሰሞን ጉሬዛዋ ወለደች። ከጉሬዛዎቹ አጥር ፊት ለፊት የባሕር እንስሳት ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ በተገጠመው የመስታወት ገንዳ ውስጥ አንዲት ኦክቶፐስ ትኖራለች። እሷም በዚያው ሰሞን እንቁላል ጣለች። በሁለቱ መሐል ያለው ጠባብ ግቢ ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና አንድ የተሰነጠቀ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አለበት። ሥራ አስኪያጁ ወሬውን ሲሰማ እጁን አፋተገ።

«ሁለት እናቶች ፊት ለፊት!» አለኝ። «አንዷ ከዛፍ፣ አንዷ ከባሕር። አንዷ ባለ አጥንት፣ አንዷ አጥንት አልባ። ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣልሻል?»

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የታየኝ። እኔም ሁለት እናቶች አሉኝ።

የወለደችኝ ሴት ገና ጨቅላ ሳለሁ ለታላቅ እህቷ ሰጠችኝ፤ ሳድግ የተነገረኝ እንዲያ ነው። ያሳደገችኝ ታላቂቱ ናት፤ እማ የምለው እሷን ነው። የወለደችኝን «አክስቴ» በያት ተብዬ ነው አፌን የፈታሁት፤ እስከ ዛሬም አክስቴ ናት። ፊት ለፊት ስናወራ «እርስዎ» እላታለሁ። ሰዎች ጨዋ አስተዳደግ ነው ይላሉ። ጨዋነት አይደለም፤ ወዲያ በይልኝ ለማለት ነው።

እማ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቀኑን ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ትውላለች፤ እቤት ስትገባ ደግሞ ለጎረቤት ትሰፋለች። ምግብ ሲቀርብ እኔ እስክጠግብ ድረስ አትነካም። «አንቺስ?» ስላት «ቅድም በልቻለሁ» ትለኛለች። መቼ እንደበላች፣ ምን እንደበላች አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ቤት ቶሎ ቶሎ እንቀያይር ነበር፤ ከሰፈር ሰፈር፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ። ጓደኛ ማፍራት ስጀምር ዕቃ እንጠቀልላለን። ለምን ስላት ሥራ ነው ትለኛለች።

የወለደችኝ በዓመት በዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይታ ብቅ ትላለች። ስትመጣ በእጇ የሠራችውን ሹራብ ይዛ ነው። ሹራቡ ሁልጊዜ ጠባብ ነው። ወይ ጭንቅላቴን አላስገባ ይላል፣ ወይ እጅጌው ክርኔ ላይ ይቀራል። «ልኬን እንኳ አታውቀውም» እል ነበር ከሄደች በኋላ። እማ ሹራቡን ትተረትርና ክሩን ትጠቀልላለች። በዚያ ክር የምትሠራልኝ ካልሲ ግን ልክክ ያለ ነበር።

የወለደችኝ ከእኔ በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። እሱን ለማንም አልሰጠችም። አቅፋ አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ትልቅ ሰው አደረገችው። ዕድሜ ልኬን ቆሽቴን ሲያሳርረው የኖረው ይኸው ነው። እኔ ምን ጎደለኝ? ያኔ ነጭ ነበርኩ፣ ቀይ ነበርኩ፣ አላውቅም፤ ብቻ ልጅ ነበርኩ።

ታዲያ በቅርቡ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስለስ ያለ ነው።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ለሥራ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። ቤቱንም ሊለቅ ነው። እስኪያመቸኝ አንቺ ጋ ብጠጋስ?»

ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እኔ እተኛለሁ፣ በአንዱ እማ። ሌላ ሰው ቢመጣ ወይ እማ ጋ ነው የሚያድረው፣ ወይ እማ ትነሳለታለች። «አስቤበት እነግርዎታለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ያኔውኑ ለእማ ነገርኳት። ማንኪያዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

«ትምጣ እንጂ፤ እህቴ አይደለች?» አለች። «እኔ መቼም የትም አላጣም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቧ ከሳህኗ ላይ እንዳለ ይነሳል። «ሆዴን ነፍቶኝ ነው» ትለኛለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ወይ ፍንክች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ይንሸራተት ጀመር። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ያቺኛዋ በስልክ ብቻ እንኳ ትጎዳናለች። አይሆንም የምላትን ነገር ሳሰላስል ነው ሥራ አስኪያጁ የሁለቱን እናቶች ነገር ያመጣልኝ። መልሱ በእጄ ገባ። ለወለደችኝ ደወልኩላትና «እሑድ ሥራ ቦታዬ ይምጡ፤ መልሱን እዚያ ያገኙታል» አልኳት። አመስግና ዘጋችው። ያ ምስጋናዋ ራሱ ደሜን አፈላው።

እሑድ ጠዋት በሩ ለጎብኚ ሳይከፈት እማን ይዤ ሄድኩ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ድምፅ ማጉያዬን ላመጣ፣ ንግግሬንም ልለማመድ ገባሁ። ልወጣ ስል የባሕር እንስሳቱን የሚንከባከበው ሰውዬ በር ላይ አገኘኝ። ጨው ነው የምንለው፤ ከገንዳው ሲወጣ ክንዱ ላይ ነጭ ጨው ስለሚደርቅበት። ንግግር የማይወድ፣ ሲናገርም መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው።

«ዛሬ ስለ እንቁላሎቹ ብዙ አታውሪ» አለኝ።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አሳጥሪው።» ባልዲውን አንስቶ ሄደ፤ ከዚያ ዞር ብሎ «አንዲት እናት በሩ እንደተከፈተ ገብተው ከጉሬዛዎቹ አጥር ላይ ተደግፈው ቀርተዋል። ወንበር ልስጥዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ» አለ።

ወጥቼ ሳይ የወለደችኝ ናት። ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ጉሬዛዎቹን ታያለች። እማ ወንበሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀምጣለች። ሁለቱ ሰላምታ ይለዋወጡ አይለዋወጡ አላየሁም። አርጅታለች፤ ግን አላሳዘነችኝም። ያን ጊዜ አላሳዘነችኝም።

ግቢው ሞላ። ልጅ ያዘለ፣ ልጅ የጎተተ፣ ፍቅረኛውን ፎቶ የሚያነሳ፣ ዝናብ ይመጣል ብሎ ጥላ የያዘ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጀመርኩ።

«የተከበራችሁ ጎብኚዎቻችን፣ በግራችሁ ያለችው ጉሬዛ ናት። ጥቁርና ነጭ የለበሰች ወይዘሮ። ልጇ ግን ስትወለድ እንደምታዩዋት ሙሉ በሙሉ ነጭ ናት። ይቺን ነጭ ልጅ ያላቀፈ የለም። እናትየዋም ሰጪ ናት! ለእህቷ ትሰጣለች፣ ለጎረቤቷ ትሰጣለች፣ ወልዳ ለማታውቅ ኮረዳ ትሰጣለች። ልጅቷ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እናት ሆዬ ቅጠሏን ታኝካለች። እጇ ነጻ፣ ሆዷ ሙሉ!»

ሰዉ ሳቀ። አንዱ «እሷስ ታድላለች!» አለ። ከአጥሩ ጀርባ አንዷ ሴት ጉሬዛ ነጯን ግልገል ከሌላዋ ጉያ ትስብ ነበር፤ እንዲያውም ያሰናዳሁት ይመስል ነበር። የወለደችኝን አየኋት። አልሳቀችም።

«በቀኛችሁ ደግሞ ኦክቶፐስ ናት። አጥንት የላትም። ስምንት ክንድ ግን አላት፤ ስምንቱንም ለልጆቿ ነው የዘረጋችው። እዩ፣ እዚያ ድንጋዩ ሥር፤ በክር እንደተሰካ ዶቃ የሚንጠለጠለው እንቁላሏ ነው። ቀን ከሌት ውሃ ትነፋበታለች፣ እድፍ እንዳይነካው ታብሰዋለች። አትበላም። ሸርጣን ከፊቷ ቢያልፍ አትነካም። ከስታለች፣ ገርጥታለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ እሷ ትሞታለች። በሕይወቷ አንዴ ነው የምትወልደው።» እዚህ ላይ ቆም አልኩና የወለደችኝን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጨረስኩ። «አንዴ የወለደችውን ደግሞ ለማንም አትሰጥም። እንግዲህ ፍረዱ። ማን ትበልጣለች?»

ለመፍረድ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ግቢው እንዳለ ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሰ። ከአባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን «ጦጣዋ! ጦጣዋ!» እያለ ቢያለቅስም አባት ይዞት ወደ ኦክቶፐሷ ሄደ። ሴቶቹ ከንፈር እየመጠጡ መስታወቱ ላይ ተደገፉ። እማም ከወንበሯ ተነስታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ ከሰዉ ጋር ቆመች። አላየችኝም።

ከግራ በኩል አንድ ሰው ብቻ ቀረ። የወለደችኝ ቅንጣት አልተንቀሳቀሰችም። ሰዉ ዞሮ ሲያያት ቦርሳዋን ይበልጥ ጠበቅ አደረገች። እሰይ፣ አልኩ በልቤ። መልስሽን አገኘሽ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ዘለልሽ» አለች። ጮክ አላለችም፤ ግቢው ጸጥ ስላለ ተሰማ። «ይመልሱላታል እኮ። ከጠዋት ጀምሬ ሳያቸው ነበር። ልጅቷ ስትርባት ድምፅ ታሰማለች፤ እናትየዋ እጇን ትዘረጋለች፤ ይመልሱላታል። አጥብታት እንደገና ይወስዷታል። ብትሰጥም እንደሚመልሱላት አውቃ ነው።»

ሰዉ ወደ አጥሩ አንገቱን አሰገገ። ከላይ ቅርንጫፉ ላይ ነጯ ግልገል ስትጮህ ተሰማ። እናትየዋ ማኘኳን ትታ እጇን ዘረጋች። ግልገሏን የያዘችው ሌላዋ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ሰጠቻት። ከሰዉ መሐል «ወይ ጉድ!» ያለ ነበር፤ ያጨበጨበም ነበር። አላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይህን ለስንት ጎብኚ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ሆን ብዬ፣ እሷን ለማቁሰል ስል ብቻ ነው የዘለልኩት።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ሲበላሽ ቶሎ ይገባዋል። «አሸናፊዋ ኦክቶፐስ! ጭብጨባ!» አለና ሰዉን ወደ ወፎቹ ይዞ ሄደ። ግቢው ውስጥ ሦስታችን ቀረን። እማ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። የወለደችኝ ከአጥሩ ተነስታ ከወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ከፊታቸው ቆምኩ።

«እርስዎ ስለ መመለስ ምን አገባዎት?» አልኳት። ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ወደ እማ ዞረች። «እትዬ፣ ንገሪያት እንጂ።»

«ምኑን?» አለች እማ ቀሚሷን እየዳበሰች።

«አንቺ ካልነገርሻት እኔ ልንገራት። እስከ መቼ?» ወደ እኔ ዞረች። «ስወልድሽ ትኩሳት ያዘኝ፤ ሆስፒታል ተኛሁ። እስክነሳ ድረስ ብላ እትዬ ወሰደችሽ። ስነሳ መጣሁ። ‹አሁን ለምዳኛለች፣ ትንሽ ትቆይ› አለችኝ። እሺ ብዬ ተመለስኩ። ደግሜ ስመጣ በሩን የከፈተልኝ ሌላ ተከራይ ነው። የት ሄዱ ስል የሚያውቅ የለም። ፈልጌ አገኘኋችሁ። እንደገና ለቀቃችሁ። ባገኘኋችሁ ቁጥር ዕቃ ትጠቀልላለች።»

ያ ሁሉ ቤት መቀያየር፣ ሳልሰናበታቸው የቀሩት ጓደኞቼ ሁሉ ትዝ አሉኝ። ሥራ ነው ነበር የሚባለው።

«ሹራቡስ?» አልኩ። ለምን ከሁሉ ቀድሞ እሱ ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። «ለምን ሁልጊዜ ጠባብ ሆነ?»

«ባለፈው ባየሁሽ ልክ ነዋ የምሠራው» አለች። «ሌላ ልክ ከየት አመጣለሁ? እናንተን እስካገኝ አንቺ ታድጊያለሽ።»

እንዳላለቅስ ጥርሴን ነከስኩ። «በግድ መውሰድ ነበረብዎት። የወለዱኝ እርስዎ ነዎት፤ ማን ይከለክልዎታል?»

«ሞክሬ ነበር። አንዴ ይዤሽ እስከ መንገዱ ወጣሁ። ‹እማ! እማ!› እያልሽ ጮኽሽ። ወደ እሷ ነው የምትጮኺው። ፊቴን ቧጨርሽኝ። እንዲያ እያለቀስሽ የት ይዤሽ ልሂድ? መልሼ ሰጠኋት።»

ወደ እማ ዞርኩ። «እማ፣ እውነት ነው?»

ትክዳለች ብዬ ነበር። ብትክደኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አምኛት ወደ ድሮዬ እመለስ ነበር። እማ ግን ቀና አለችና አየችኝ፤ እፍረት የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

«እውነት ነው። አልመለስኩም» አለች። «በጠርሙስ አጥብቼ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። እሷ ሌላ መውለድ ትችል ነበር፤ ወለደችም። እኔ ማንን ልውለድ? ከየት አምጥቼ?»

ቧንቧው ይንጠባጠባል።

«አሁን ልትወስድሽ ከመጣች ትውሰድሽ» አለች ቀጥላ። «ክፍሉንም ትውሰደው። እኔ እወጣለሁ።» እጇን ወንበሩ ላይ ተደግፋ ልትነሳ ስትል እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። የእጇ አንጓ እንደዚያ መክሳቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሆዷን ነፍቷት አልነበረም። የወለደችኝ በስልክ ከተናገረች ጀምሮ ሆን ብላ ነው ያልበላችው። ተናደድኩባት፤ ሕይወቴን ሁሉ ያልተናደድኩባትን በአንድ ላይ ተናደድኩባት። አንጀቴንም በላችው። ሁለቱን መለየት አቅቶኝ ጥያቸው ወደ መስታወቱ ሄድኩ።

ጨው የሰዉን የእጅ አሻራ ከመስታወቱ ላይ በጨርቅ ይጠርጋል። ኦክቶፐሷ ከድንጋዩ ሥር ተጣብቃለች፤ ገላዋ የታጠበ የድሮ ጨርቅ መስሏል። አንዱ ክንዷ ቀስ ብሎ እንቁላሎቹን ይዳብሳል።

«ለዚህ ነበር አሳጥሪው ያልኩሽ» አለኝ ጨው ሳያየኝ። «እንቁላሎቹ ባዶ ናቸው።»

«ባዶ ማለት?»

«ሕፃን ሳለች ነው የመጣችው፤ ወንድ አይታ አታውቅም። ውስጣቸው ምንም የለም። ደህና ቢሆኑ እስካሁን ዓይን ባወጡ ነበር፤ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ አትናገር፣ ሰዉ ተስፋ አድርጎ ይምጣ ብሎኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አታነሱባትም? ትብላ እንጂ፣ ለባዶ ነገር ለምን ትሞታለች?»

«በፊት በነበረችው ሞክረነዋል። እንቁላሎቹን አነሳንባት። ባዶውን ድንጋይ አቅፋ ተቀመጠች። ሸርጣን አፏ ሥር አደረግንላት፤ ገፋችው።» ጨርቁን ጨመቀው። «ያንን ካየሁ በኋላ አላነሳባቸውም። ይዘውት ይሙቱ።»

የኦክቶፐሷ ዓይን ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። ምናልባት ነጸብራቅ ነው። ከኋላዬ፣ መስታወቱ ላይ፣ ወንበሩ ዳርና ዳር የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች ይታያሉ።

ስመለስ ቆርጬ ነበር። ይምጡ ልላት ነው። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል እንተኛለን፣ እማን ለምኜም ቢሆን አስታርቄም ቢሆን አበላታለሁ፤ ይምጡና ልኬን ይወቁት። አፌን ስከፍት ግን እማን አየኋት፤ እማ ከንፈሯን ገጥማ መሬቱን ታያለች፤ ያ የተገጠመ አፍ ለማንም ልመና እንደማይከፈት አወቅኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ቆየ። የቆየው ጥቂት ነው፤ ግን በቂ ነበር። የወለደችኝ ተነሳች።

«ወንድምሽ የአረጋውያን ቤት አይቶልኛል» አለች። «ንጹሕ ነው። ክፍሉ መስኮት አለው።»

«ገና መቼ መለስኩልዎት?»

«መለስሽ እንጂ፤ በድምፅ ማጉያ።»

ተከትያት ወጣሁ። ቦርሳዋን ልያዝልዎት ብላት አልሰጠችኝም። በወፎቹ፣ በተኛው አንበሳ በኩል አልፈን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ጎን ለጎን ሄድን። ስትራመድ አንድ እግሯን ትስባለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ነገር የለኝም፤ ቡና ትወድ ሻይ፣ ግራ ጎኗ ትተኛ ቀኝ።

«ከስታለች» አለችኝ ማቆሚያው ላይ ስንቆም። «መብላት ትታለች፣ አይደል?»

«ትታለች።»

«ልጅ ሆናም እንዲሁ ነበረች። የፈለገችውን ካላገኘች አፏን ትገጥማለች። አሻንጉሊቴን ስትፈልግ አትበላም፤ እናታችን ተጨንቃ ከእኔ ነጥቃ ትሰጣታለች። ከዚያ ትበላለች።» ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «እየቀለደች እንዳይመስልሽ። የምር ትሞትብሻለች። እኔ አውቃታለሁ።»

አውቶቡሱ ከወዲያ ማዶ ሲዞር ታየ።

«ሰዉ ሁሉ ልጇን ሰጠች ይለኛል» አለች። «ያኔ አልሰጠሁሽም። ተወሰድሽብኝ እንጂ አልሰጠሁሽም። ዛሬ ግን ይኸው፣ በገዛ እጄ ሰጠሁሽ። አሁን ሂጂ፣ አብያት።»

በሩ ተከፈተ፤ ብረቱን ይዛ እግሯን እየሳበች ወጣች። እናቴ ብዬ ልጠራት ፈለግኩ። «አክስቴ!» ነው ያልኩት፤ አፌ የለመደው እሱን ነው። ዞር አላለችም። አውቶቡሱ ሄደ።

እማን ይዤ ቤት ስንገባ ፀሐይ ገና ነበረች። ሾርባ አሞቅኩ፣ ዳቦ ቆራረስኩ፣ ጠረጴዛው ላይ አቀረብኩላት። ሳህኗን እያየች ተቀመጠች፤ ማንኪያውን አልነካችም።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«አትመጣም?»

«አትመጣም፣ እማ።»

ማንኪያዋን አነሳች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ በላች። ሾርባው አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች። ጉንጮቿ ቀላ አሉ። ጨመርኩላት፤ እሱንም ጨረሰች። ደስ ብሎኛል፣ ውሸት አልናገርም፤ ስትበላ ሳያት ደስ ብሎኛል፤ ደስ ስላለኝም ራሴን ጠላሁት። ከሳህኑ ሥር የቀረውን በዳቦ ስትጠርግ ድንገት ትዝ አልኳትና ቀና አለች።

«አንቺስ? በሞቴ፣ አትበዪም እንዴ?»

«ቅድም በልቻለሁ» አልኳት።

እሷም የቀረውን ዳቦ ወደ ራሷ ሳበችው።